የራስ የሆነ ተርም ፔፐር፦ ለአዲስ የማስተርስ ተማሪ የአሠራር መመሪያ

የማስተርስ ትምህርት የጀመረ ሰው ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ሦስትና አራት ተርም ፔፐር ይቆለልበታል። አብዛኛው ደግሞ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነው፤ ቀን መሥሪያ ቤት ይውላል፣ አምሽቶ ልጆቹን ያስጠናል፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ኮምፒውተሩን ይከፍታል። በዚያ ሰዓት ያለፈው ዓመት ተማሪ የጻፈው ፋይል በቴሌግራም ቢደርሰው፣ ወይም ከግቢው ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ የተለጠፈው «ተርም ፔፐር፣ ፕሮፖዛል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እናዘጋጃለን» የሚለው ማስታወቂያ ትዝ ቢለው ልቡ ቢሸፍት አይገርምም።

ስለ ሥነ ምግባር ለመስበክ አልተነሣሁም። ያንን የዩኒቨርሲቲው ደንብ ይበቃዋል። የምለው ሌላ ነው፦ አብዛኛው ተማሪ ወደ መገልበጥ የሚሄደው ጥያቄው የራሱ ስላልሆነ ነው። ሰፊና የሁሉም የሆነ ርዕስ ይዞ ሲቀመጥ ሌሎች ያሉትን ከመደርደር በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ጥያቄው ጠብቦ፣ ሄዶ ሊያየውና ሊጠይቅበት የሚችል ሲሆን ግን ቢፈልግም የሚገለብጠው አያገኝም፤ ማንም አልጻፈውምና። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። እሱ ከተሳካ ሌላው እጅግ ይቀልላል።

ደረጃ 1፦ የታዘዙትን ያንብቡ፣ ያልገባዎትን ይጠይቁ

መምህሩ የሰጡት ትእዛዝ ላይ ያለውን ግሥ ያስምሩበት። «ያነጻጽሩ» ከተባሉ ሁለት ነገሮች መኖር አለባቸው፤ «ይገምግሙ» ከተባሉ ፍርድ ይጠበቅብዎታል፤ «ይተንትኑ» ሲባል ነገሩ በምን በምን እንደተሠራና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማሳየት ነው። «ይግለጹ» ብቻ የሚል ትእዛዝ በማስተርስ ደረጃ ብዙም አይገጥምዎትም፤ ግን ተማሪዎች የታዘዙት ምንም ይሁን ምን የሚጽፉት መግለጫ ነው።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስምንተኛው ሳይሆን፣ መምህርዎን አራት ነገር ይጠይቁ፦ ጽሑፉ ስንት ገጽ ወይም ስንት ቃል ይሁን? የትኛው የአጠቃቀስ ስልት ነው የሚፈለገው? ቃለ መጠይቅና የመስክ ምልከታ ይፈቀዳል ወይስ በተጻፉ ምንጮች ብቻ ነው? ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለምን ያህል ሥራ መጠቀም ይቻላል? መምህርን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከክፍል በኋላ ቆም ብለው «ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» ቢሏቸው የሚቆጡ መምህር እምብዛም የሉም።

ደረጃ 2፦ ርዕስ አይምረጡ፣ ጥያቄ ይፈልጉ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የከተማ አስተዳደር፣ የሶሲዮሎጂ፣ የሕግ ወይም የልማት ጥናት ተማሪ ነዎት እንበል፤ ስለ መኖሪያ ቤት መጻፍ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «የቤት ችግር በአዲስ አበባ» ነው። ይህ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። በአሥር ገጽ ውስጥ ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው የሕዝብ ብዛት፣ የገጠር ፍልሰት፣ የመሬት አቅርቦት እያለ ከሌሎች ጽሑፎች ያጠራቅማል፤ መጨረሻ ላይ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብሎ ይዘጋል። አንባቢው ማን እንደጻፈው ሊለይ አይችልም።

ትንሽ እናጥብበው። ኮንዶሚኒየም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ የ1997 እና የ2005 ተመዝጋቢዎች፣ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት የቁጠባ መርሐ ግብሮች፣ ዕጣው፣ የቦታው ከመሃል ከተማ መራቅ፤ ይህም ብዙ ተጽፎበታል። አሁንም ሰፊ ነው።

ስለዚህ ወደ አንድ ሳይት እንግባ። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ወራት አልፈዋል። የውሃ ፓምፑ ተበላሽቷል። የፍሳሽ መስመሩ በየክረምቱ ይዘጋል። በብሎኩ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው፤ ባለቤቶቹ ሌላ ክፍለ ከተማ ወይም ውጭ አገር ይኖራሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በር እያንኳኩ መዋጮ ሲጠይቁ ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ባለቤቱ ስልክ አያነሣም። እንግዲህ ጥያቄው መጣ፦ በአንድ ብሎክ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ሲሆን የጋራ ንብረት ጥገና መዋጮ እንዴት ይሰበሰባል? የማይሰበሰብ ከሆነስ ማን ይሸፍነዋል?

ሌላም አለ። ብዙ ሳይቶች ላይ ለእርድ፣ ለማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ። ዛሬ ለተባሉበት አገልግሎት የማይውሉ ሞልተዋል። የአንዱን ሳይት የጋራ ቤት ታሪክ ተከትሎ ወደ ሌላ አገልግሎት እንዲዞር የወሰነው ማን ነው፣ ኪራይ ካለው የኪራዩ ገንዘብ የት ይገባል ብሎ መጠየቅ ለአንድ ኮርስ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄዎ ደህና መሆኑን በሦስት ነገር ይፈትኑት። መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ? የምታውቁት ከሆነ ጥያቄ አይደለም፣ ውሳኔ ነው። አስተዋይ ሰው ሊቃወመው የሚችል መልስ ሊኖረው ይችላል? ማንም የማይቃወመው መልስ መጻፍ አያስፈልገውም። ባለዎት ጊዜ፣ በእግር ወይም በታክሲ ደርሰው ማየት፣ ማንበብ ወይም መጠየቅ የሚችሉት ነገር አለ? ከሌለ ጥያቄው ለሌላ ሰው ይቆይ።

እዚህ ላይ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ከመደበኛው ተማሪ የሚበልጥበት ሀብት አለው፤ ሥራው። የባንክ ሠራተኛ የብድር ፋይል ለምን እንደሚመለስ ያውቃል። ነርሷ ታካሚዎች የቀጠሮ ካርዳቸውን ለምን እንደሚጥሉ አይታለች። የወረዳ ሠራተኛ የትኛው ቅጽ ሕዝቡን እንደሚያመላልስ ይነግርዎታል። ይህ ሁሉ በየትኛውም መጽሔት አልወጣም። ከዕለት ሥራዎ የሚያስገርምዎትን ወይም የሚያናድድዎትን አንድ ነገር ይጻፉና ወደ ጥያቄ ይለውጡት። ጥንቃቄው ይህ ነው፦ የደንበኛን ወይም የታካሚን መረጃ ያለ ፈቃድ ማውጣት አይቻልም፤ መሥሪያ ቤቱም ሳያውቅ ስሙ አይጠቀስ።

ብዙዎችን የሚያስፈራቸው «የራስ የሆነ» የሚለው ቃል አዲስ ንድፈ ሐሳብ ማመንጨት ስለሚመስላቸው ነው። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ያስታውሱ። ጀማሪው ተማሪ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ አምጣ የሚለው የለም። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ቤቶች የራሱ መሆን አለባቸው፤ ትናንት ለመምህሩ የተነገረ ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይነገርም። ተርም ፔፐርዎ ጉባኤ ቃናዎ ነው።

ደረጃ 3፦ ምንጭ ያሰባስቡ

ጥያቄው ከተያዘ ፍለጋው አቅጣጫ ያገኛል። ለምሳሌያችን የመጀመሪያው ምንጭ ሕጉ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995። ስለ ባለቤቶች ማኅበርና ስለ ጋራ ወጪ የሚደነግገውን ክፍል ራስዎ ያንብቡ፤ ሌላ ተማሪ አዋጁ እንዲህ ይላል ብሎ የጻፈውን አይመኑ። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም ሁለቱንም ዓምድ ያስተያዩ።

ቀጥሎ የቀደሙ ጥናቶች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በኢንተርኔት ክፍት ነው፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን እያወጡ ነው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት በስክሪን የማይገኙ ጽሑፎች አሏቸው። የድሮ ጋዜጣ ለሚፈልግ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ አለ። ለዓለም አቀፍ መጽሔቶች ጉግል ስኮላር ይጀምሩ፤ ገጹ ገንዘብ ከጠየቀዎት የዩኒቨርሲቲዎን ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ ይጠይቁ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ መጽሔት የሚያነቡበት ፕሮግራም ነው፤ የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ አለ፤ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። ያም ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ይላኩ፤ ሥራዬ ይነበብልኝ የሚል ምሁር ፋይሉን አይነፍግዎትም።

ስለ ቀደሙ የመመረቂያ ጽሑፎች አንድ ነገር ልበል። ጠቃሚነታቸው የሚጀምረው ከመጨረሻቸው ነው፤ ከዋቢ ዝርዝሩ። ሐተታቸውን በጥርጣሬ ያንብቡ። ብዙዎቹ አንዱ ከሌላው የወሰዱት አንድ ዓይነት የንድፈ ሐሳብ ክለሳ አላቸው፤ አንድ ስህተት በአንዱ ገብቶ በአሥሩ ሲዞር ይታያል። አንድ ጥቅስ ከወደዱት ወደ ዋናው ምንጭ ሄደው ያግኙት። ዋናውን ካላገኙት «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለው ይጻፉ፤ ያላነበቡትን መጽሐፍ እንዳነበቡ አድርጎ ዋቢ ውስጥ ማስገባት ራሱ ውሸት ነው።

ለአሥር ገጽ ጽሑፍ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ምንጭ በደንብ የተነበበ ይበቃል። አርባ ምንጭ የደረደረ ተማሪ ርዕሳቸውን ብቻ ማንበቡ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ይታወቅበታል።

ደረጃ 4፦ ማስታወሻ አያያዝ

ሳያስቡት የሚፈጸም ስርቆት የሚጀምረው እዚህ ነው። ከኢንተርኔት አንድ አንቀጽ ገልብጠው ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲያዩት የራስዎ ይመስልዎታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማስታወሻዎን በሦስት ምልክት ይለዩ፦ ቃል በቃል የተወሰደ ከሆነ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከነገጹ ቁጥር፤ በራስዎ አገላለጽ የተጻፈ ከሆነ «ማ» የሚል ፊደልና የምንጩ ስም፤ የራስዎ ሐሳብ ከሆነ «እኔ»። ሦስተኛው ምልክት ለረጅም ጊዜ ካልታየ እያነበቡ ሳይሆን እየገለበጡ ነው።

በራስ አገላለጽ መጻፍ ማለት ቃላትን በተመሳሳይ ቃል መተካት አይደለም። ለማሳያ ያህል ይህን ዓረፍተ ነገር አበጅቼአለሁ፦

«የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጥገና መጓደል ዋነኛ ምክንያት የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የፋይናንስ አቅም ውስንነትና የአባላት ተሳትፎ ማነስ ነው።»

አንድ ተማሪ እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦

«የኮንዶሚኒየም ቤቶች እድሳት የሚጓደልበት ቁልፍ መንስኤ የባለቤቶች ማኅበራት የገንዘብ አቅም ማነስና የአባላት ተሳትፎ ዝቅተኛ መሆን ነው።»

ምንጩ ቢጠቀስም ይህ ስርቆት ነው። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ያው ነው፤ የተቀየረው ልብሱ ነው። ምንጩን ዘግቶ፣ ትንሽ አስቦ፣ ለጓደኛው እንደሚያስረዳ ሆኖ የጻፈ ሰው ግን ወደዚህ ይደርሳል፦

«ጸሐፊው ጣቱን የሚቀስረው ማኅበራቱ ላይ ነው፤ ገንዘብ የላቸውም፣ አባላትም አይመጡም ይላል። ሁለቱ የተለያዩ ምክንያቶች መሆናቸው ግን ያጠራጥራል። አባሉ ስብሰባ የማይመጣው ሌላ ክፍለ ከተማ ስለሚኖር ከሆነ የገንዘቡ መጥፋት ራሱ የዚያ ውጤት ሊሆን ይችላል።»

የጸሐፊው ሐሳብ ለጸሐፊው ተሰጥቷል፤ ከዚያ የተማሪው ሐሳብ ተነሥቷል። አሠራሩም ይኸው ነው፦ ያንብቡ፣ ይዝጉ፣ ከትውስታ ይጻፉ፣ ከዚያ ከፍተው ሐሳቡን እንዳላጣመሙ ያረጋግጡ።

በእኛ አገር የተለመደ አንድ መሸሸጊያ አለ፤ ትርጉም። የአማርኛ ጋዜጣ ሐተታ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል፣ ወይም የእንግሊዝኛው ጥናት ለአማርኛ ትምህርት ክፍል ወደ አማርኛ ይገለበጣል፤ የመመሳሰል መመርመሪያ ፕሮግራሙ አይይዘውም ተብሎ። ቋንቋ ቢለወጥም ሐሳቡና አካሄዱ የሌላ ሰው ነው። መምህሩም ጋዜጣ ያነባሉ።

ደረጃ 5፦ ወደ መስክ ሲወጡ

ቃለ መጠይቅ ከተፈቀደልዎ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ በመጀመሪያው ወር ያውጡ። ደብዳቤው ማኅተም ይፈልጋል፣ ማኅተም ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ ወረዳው ደግሞ በመዝገብ ቤት ገብቶ ይመራ ይላል፤ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ስንት ሰው ላነጋግር? እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የናሙና መጠን የሚሰላበትን የያማኔን ቀመር ይመዛል። በአገራችን የማስተርስ ጥናቶች ውስጥ «ያማኔ፣ 1967» የሚለውን ማጣቀሻ ሳያገኙ ብዙ መገስገስ አይቻልም። ቀመሩ ጠቅላላውን ቁጥር፣ ለአንድ ሲደመር የጠቅላላው ቁጥርና የስህተት መጠኑ ካሬ ብዜት ያካፍለዋል፤ 1,200 አባወራ ባለበት ሳይት በ5 በመቶ የስህተት መጠን 300 ይወጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ለተርም ፔፐር ግን 300 መጠይቅ ማን ይበትናል? ተበትኖ ሲመለስስ ማን ይተነትነዋል? መጠይቁን ቤት ቁጭ ብሎ መሙላት የሚጀመረው እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲታወጅ ነው። ጥያቄያችን «መዋጮ እንዴት ይሰበሰባል» የሚል ነው፤ ለዚህ አንድ የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ሁለት ተከራዮች፣ ራሳቸው የሚኖሩበት ሁለት ባለቤቶች፣ አንድ አከራይ ባለቤትና የማኅበሩ የመዋጮ ደብተር ከበቂ በላይ ናቸው። የደብተሩ አንድ ገጽ ከመቶ «በጣም እስማማለሁ» ይበልጣል።

ሲያነጋግሩ ለምን እንደመጡ ይናገሩ፣ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ሰዎቹ ድምፃቸው እንዲቀዳ ካልፈለጉ በእጅዎ ይጻፉ። ስማቸውን በጽሑፉ ውስጥ አያውጡ፤ «ተከራይ፣ ሦስተኛ ፎቅ» ማለት ይበቃል፤ ብሎኩ በዚህ ገለጻ ሰውየውን የሚያሳውቅ ከሆነ ፎቁንም ይተዉት። ያዩትንና የሰሙትን በዚያው ማታ በንጹሕ ይገልብጡ። ነገ ግማሹ ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ መጻፍ

ከመግቢያው አይጀምሩ። በመጀመሪያ መልስዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «በዚህ ብሎክ መዋጮ የሚሰበሰበው በሕጉ በተቀመጠው በባለቤትነት መንገድ ሳይሆን በጉርብትና ነው፤ በመሆኑም ሸክሙ የሚወድቀው እዚያው በሚኖሩት ጥቂት ባለቤቶች ላይ ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሊሳሳት ይችላል፤ ለዚህም ነው ጥሩ የሆነው። ከዚያ አንባቢ እንዲያምንዎ ምን ምን ማሳየት እንዳለብዎ በቅደም ተከተል ይዘርዝሩ፤ ሕጉ ምን ይላል፣ ቀደምት ጥናቶች የት ቆሙ፣ ደብተሩ ምን ያሳያል፣ ሰዎቹ ምን አሉ፣ መልሴን የሚያፈርስ ምን አገኘሁ። የመጨረሻውን አይዝለሉት። መልስዎን የሚቃረን አንድ ተከራይ ካገኙ ያስገቡት፤ መምህሩ ይበልጥ የሚያምኑዎት በእሱ ነው።

እያንዳንዱን አንቀጽ በራስዎ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩት፤ ምንጩ በመካከል ለማስረጃ ይምጣ። ገጽዎን አንሥተው የአንቀጾቹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ተከታትለው ያንብቡ። ሁሉም «እገሌ (2010) እንዳለው» እያሉ የሚጀምሩ ከሆነ የእርስዎ ድምፅ አልገባም ማለት ነው።

አሁን ስለ እንግሊዝኛ። አብዛኛው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሰነፍነት ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስገለብጠው ይህ ፍርሃት ይመስለኛል። ተማሪው የራሱን ዓረፍተ ነገር ከመጽሔቱ ዓረፍተ ነገር ጋር ያስተያይና ያፍራል። ከዚያ የመጽሔቱን ይወስዳል። ውጤቱ የሚታይ ነው፤ ሁለት አንቀጽ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፣ ሦስተኛው ይንገዳገዳል፣ መምህሩ የሚፈስሰውን ቆርጠው ጉግል ላይ ይለጥፋሉ። የሚሻለው ይህ ነው፦ ክርክሩን በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በየትኛውም በሚያስቡበት ቋንቋ ሙሉውን ይጻፉት። ሐሳቡ ከቆመ በኋላ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መልሰው ይጻፉት። የሰዋስው ስህተት ነጥብ ቢያስቀንስ ጥቂት ነው፤ ሐሳብ የሌለበት ውብ እንግሊዝኛ ግን ጽሑፉን ሁሉ ይጥላል።

ደረጃ 7፦ ማጣቀስ፣ የእኛ ስምና የእኛ ዘመን

ዞቴሮ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠቀሙ፤ ምንጩን አንድ ጊዜ ካስገቡት ዋቢውን በሚፈልጉት ስልት ይሠራልዎታል። ፕሮግራሙ የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛው ስማችን ነው። የፈረንጅ ስልቶች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለን የአባት ስም ነው። ፕሮግራሙ ታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ያደርጋቸዋል፤ አባታቸው መጽሐፉን የጻፉት ይመስል። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተለመደው ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ማስቀደም ነው፤ ባሕሩ ዘውዴ። የእርስዎ ትምህርት ክፍል የትኛውን እንደሚከተል ይጠይቁና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ ይጽኑ። በዞቴሮ ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ አይገለብጠውም።

ሁለተኛው ዘመን ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 በእንግሊዝኛው ዓምድ 370/2003 ነው። አንድ ሕግ ሁለት መስሏቸው «ከ1995ቱ አዋጅ በኋላ የ2003ቱ ወጣ» ብለው የሚጽፉ አይጠፉም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ማብቂያ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ከሆነ የአማርኛውን መጽሐፍ ዓመት እንዳለ ይተዉትና ዓመተ ምሕረት መሆኑን ያመልክቱ፤ በስሜት አይቀይሩት።

ደረጃ 8፦ ፍተሻ

ዩኒቨርሲቲዎ ተርኒቲንን ወይም ሌላ የመመሳሰል መመርመሪያ የሚጠቀም ከሆነ የሚያወጣው መቶኛ ፍርድ አይደለም። 30 በመቶው ዋቢ ዝርዝርና በአግባቡ የተጠቀሰ ሕግ ሊሆን ይችላል፤ 8 በመቶው ደግሞ አንድ ሙሉ የተሰረቀ ገጽ። ቀለም የተቀባውን አንቀጽ አንድ በአንድ ይዩ። ቁጥሩን ለማውረድ ቃላት መቀያየር ደረጃ 4 ላይ ያየነውን ስርቆት መሥራት ነው።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ነገሩን ቀይረውታል። መምህሩ ከፈቀዱ ያልገባዎትን ጽንሰ ሐሳብ እንዲያብራራ፣ የጻፉት ላይ ሰዋስው እንዲያርም ማድረግ ይቻላል፤ እንደተጠቀሙበትም ይግለጹ። ምንጭ ስጠኝ ካሉት ግን ይጠንቀቁ፤ የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲውና ከነመጽሔቱ አሳምሮ ሊፈጥር ይችላል። ያልከፈቱትን ምንጭ ዋቢ ውስጥ አያስገቡ። ስለ አንድ ሳይት የውሃ ፓምፕና ስለ ገንዘብ ያዧ ደብተር ደግሞ ምንም አያውቅም፤ ጠባብ ጥያቄ የመያዝ አንዱ ትርፍ ይህ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ወረቀቱን አስቀምጦ ለአንድ የሥራ ባልደረባ በአምስት ደቂቃ መተረክ ነው። የተደናቀፉበት ቦታ ያልገባዎት ወይም ያልጻፉት ነው፤ ተመልሰው ያስተካክሉት። ከዚያ አትመው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ስክሪን ላይ ያለፈ ስህተት ወረቀት ላይ ይታያል።

ደረጃ 9፦ ማስረከብና ከዚያ በኋላ

ከማስረከቢያው ቀን ሁለት ቀን ቀድመው ይጨርሱ፤ መብራት ይጠፋል፣ ፍላሽ ቫይረስ ይይዛል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ፋይሉን በየቀኑ ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ፤ እያንዳንዱን ረቂቅ በቀኑ ስም ያስቀምጡ። አንድ ቀን «ይህን አንተ አልጻፍከውም» የሚል ቢመጣ ረቂቆቹና የመስክ ማስታወሻው ይመሰክራሉ።

መምህሩ ያረሙትን ወረቀት ይቀበሉ። ብዙ ተማሪ ውጤቱን አይቶ ወረቀቱን ቢሮ ይተወዋል፤ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ግን ከውጤቱ ይበልጣል። ያንኑ ጽሑፍ ለሌላ ኮርስ ማስገባት የሚከለከል ነው፤ ሐሳቡን ማስፋት ከፈለጉ ለሁለቱም መምህራን አስቀድመው ይንገሩ። ጥያቄው አሁንም የሚያጓጓዎት ከሆነ የማስታወሻ ደብተሩን፣ የአነጋገሯቸውን ሰዎች ስልክና የትብብር ደብዳቤውን ቅጂ በአንድ አቃፊ ያኑሩ፤ በሁለተኛው ዓመት ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲጠየቁ ከዚያው ሳይት፣ ከዚያው ገንዘብ ያዥ ዘንድ ተመልሰው መጀመር ይችላሉ።